በውሰት የሄደው ቃል

ለውድ ወንድሜ ለነገሳ ዱጋሳ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ሙቀቱ፣ ትንኙ፣ የማታውቀው ውሃ እንዴት ይዞሃል? ባለፈው ወባ ጥሎኝ ነበር ያልከው ፈጽሞ ለቀቀህ ወይስ እኛን ላለማስጨነቅ ብለህ ነው ደህና ነኝ ያልከው? አብረውህ የዘመቱት የሰፈራችን ልጆችስ እንደምን አሉ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። እማዬ ትበላለች፣ በትሯን ይዛ እስከ አጥሩ ትወጣለች፣ ዓይኗ ግን እየደከመ ነው። ኢፍቱ ጥቁሯን አላወለቀችም። ሕፃኗ ድዷን እያሳከካት ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ ባለፈው የእኔን መቀስ መያዣ ነክሳ አገኘኋት። እኔም ያው እንደምታውቀኝ ነኝ፤ የሰው ልብስ እሰፋለሁ፣ ከሰው እጣላለሁ፣ ተመልሼ እታረቃለሁ። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን ነገር የለም ብዬ እንዳልጽፍልህ የጎደለብንን አንተም ታውቀዋለህ።

ደብዳቤህ ደርሶናል። ሙዘይን ከፖስታ ቤት ተቀብሎ፣ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ራሱ ይዞልን መጣ፤ ከኮንጎ የመጣ ወረቀት እጁ ከገባ እኛ ጋር እስኪያደርስ ዕረፍት የለውም። መርዶህን የጦሩ ቄስና ጓደኞችህ ጎህ ሲቀድ መጥተው እንደነገሩህ፣ በሰው አገር መሬት ላይ ተቀምጠህ እንዳለቀስክ ስናነብ እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጥን። የነገሩህ ግን ወንድማችን ኢቲቻ ሥራ ላይ ሳለ ግንድ ወደቀበት ብለው ብቻ ነው። አንተም በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ጠየቅኸን፤ እንዴት ሆነ፣ መጋዙን ከላይ ይዞ የነበረውስ ማን ነው? እማዬ መጀመሪያ እንዳልጽፍልህ ከልክላኝ ነበር። ጠመንጃ ይዞ ሩቅ አገር ለተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለው አይጻፍም፣ ሲመጣ ዓይን ዓይኑን እያየን እንነግረዋለን አለች። አሁን ግን ራሷ ጻፊለት ብላኛለች። ለምን ሐሳቧን እንደለወጠች ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ፤ እባክህ ዘልለህ አታንብብ፣ አመልህን አውቀዋለሁ።

ከላይ የነበረው ዲንሳ ነው። ሌላ ማን ይሆናል ብለህ ነበር? የመጋዙን እጀታ ለእሱ አስረክበህ የሄድከው አንተ ነህ። አልሸሸም። ኢቲቻን ራሱ ተሸክሞ ከእንጦጦ ጥግ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ አወረደው፤ ሌሎቹ ሰንጣቂዎች እንቀበልህ ቢሉት እምቢ አለ። ፖሊሶች ወስደው ቃሉን ተቀበሉ፣ ግንድ የሚሰነጠቅበትን ጉድጓድ አዩ፣ ግንዱን አዩ፣ የሥራ አደጋ ነው ብለው ለቀቁት። የቀብሩ ዕለት የካ ሚካኤል ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ነበር አሉ፤ እኔ አላየሁትም፣ የሚያይ ዓይንም አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። ማለዳ ማለዳ ግን ከአጥሩ ውጭ የተፈለጠ እንጨት እናገኝ ነበር። ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አያነሳውም፤ እዚያው ተከምሮ ዝናብ በላው።

ሰዉ ሁሉ አደጋ ነው ብሎ አልፎት ነበር። ዝም ማለት ያልቻለው ራሱ ዲንሳ ነው። ከአርባው በኋላ የእድራችን ሽማግሌ አቶ ገብረ ክርስቶስ ዘንድ ሄዶ፣ ኢቲቻን መጨረሻ ላይ የጠራሁት ነገሳ በሚጠራው ቃል ነው ብሎ ተናገረ። ወሬው ኢፍቱ ጆሮ ገባ። ኢፍቱም ያን ቃል ከአፉ ካወጣ ባሌን የገደለው እሱ ነው፣ ከእሱ ጋር ለዕርቅ አልቀመጥም አለች። ዲንሳ ደግሞ ቃሉን የሰጠኝ ነገሳ ነው ይላል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በዚህ ላይ ተንጠለጠለ። ሰጥተኸው ከሆነ ዲንሳ እንደ እኛው ሐዘንተኛ ነው። አልሰጠሁትም ካልክ ግን ከዚህ ሰፈር ለቅቆ እንደሚሄድ፣ ወደ ደጃችን ዳግመኛ ቀና ብሎ እንደማያይ ለሽማግሌዎቹ በራሱ አፍ ቃል ገባ። አሮጊት እናቱን ይዞ የት ሊሄድ እንደሚችል አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ቃሉን አንተ ለምደኸዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ በአፌ ብዬው አላውቅም። አሁንም አልለውም፣ ነገር ግን ወረቀት ነውና ልጻፈው፤ ባሪያ። ጻፍኩት። ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ሳየው እንደ ሌላው ቃል ሁሉ ትንሽ ነው።

እማዬ እናንተን ለምን እንዲያ ትጠራችሁ እንደነበር ጠይቀሃት ታውቃለህ? እኔ ልጅ ሆኜ ጠይቄያታለሁ። ከዴዴሳ ማዶ ተይዛ ስትመጣ የራሷን ስም እንኳን በልቧ ለመያዝ ያልደረሰች ሕፃን ነበረች። በጌታዋ ቤት ፈትለወርቅ ብለው እስኪያጠምቋት ድረስ ስሟ ያው ቃል ብቻ ነበር። ውሃ ሲፈለግ እሱ፣ እንጨት ሲፈለግ እሱ፣ ጥፊ ሲመጣም እሱ። ከተጠመቀችም በኋላ አዲሱን ስም የሚጠራት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር አለችኝ። ጌታዋ ሲሞቱ ነፃ ወጥታ አባባን አገባች፣ እኔን ወለደች፣ ቀጥሎ አንተን ወለደች። አንተን ጡት እያጠባች ባሪያዬ ስትልህ ጎረቤት ሰምቶ ደነገጠ። አባባ እንኳን ተቆጥቷት ነበር፤ የገበሬ ልጅ ነው፣ እኔ ልጄን እንዲህ አላስጠራም አለ። እሷ ምን ብላ መለሰችለት መሰለህ? «ሰው ከደጅ ሳይወረውርበት በፊት ከእኔ አፍ ይስማው። ከእኔ አፍ የሰማው አያቆስለውም።» አባባ ከዚያ ወዲያ አልተቆጣትም። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን በዚያ ቃል ጠርቷችሁ አያውቅም፤ ይህንን ልብ ብለኸው ታውቃለህ? እኔ ልብ ያልኩት አሁን ነው።

እኔን ደግሞ እማዬ አንድ ቀን እንኳን እንዲያ ብላኝ አታውቅም። እናንተን ባሪያዬ፣ ባሪያዬ እያለች ስታቆላምጥ በቅናት ሞቼ፣ እኔንስ ለምን አትዪኝም አልኳት። በዚያ ቤት ሴት ልጅ በዚያ ቃል የምትጠራው ለምን ለምን እንደሆነ አታውቂም፣ አትወቂም አለችኝ። ዳግመኛ አልጠየቅኳትም። አንድ ቃል፣ አንዲት እናት፣ እናንተ ትስቁበታላችሁ፣ እኔ ስሰማው ጓዳ እገባለሁ።

እናንተማ መጫወቻ አደረጋችሁት። ከለጋሲዮኑ ግንብ ማዶ መታጠፊያው ላይ ቆመህ «ባሪያው!» ትላለህ፣ እሱ ከግቢ ውስጥ «አቤት ባሪያው!» ይልሃል። ቄሱ ሲያልፉ ሰምተው ያማትባሉ፣ ሴቶቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ እናንተ ትስቃላችሁ። ያንኑ ቃል ሌላ ሰው ሲለው ደግሞ አየን። የጉርድ ሾላውን ሳንቃ ነጋዴ አስታውሰው። ለገዢዎቹ እናንተን ሊያመሰግን ብሎ፣ እንደ እነዚህ ባሮች ቀጥ አድርጎ የሚሰነጥቅ የለም ሲል፣ ኢቲቻ የተሸከመውን ሳንቃ በቀስታ መሬት ላይ አስቀምጦ፣ በእግሩ ወደ ቤት መጣ። ነጋዴው ምን አልኩት፣ እርስ በርሳቸው ሲባባሉ አልሰማሁም ወይ እያለ ገርሞት ቀረ አልከኝ። እውነቱን ነው፣ ሰምቷል። የሰማውን ሁሉ የራሱ የሚያደርግ ሰው ነው።

ጉድጓዱ ላይ ግን ቃሉ መጫወቻ ብቻ አልነበረም። አንተ የምታውቀውን መልሼ የምነግርህ ኋላ የሆነው እንዲገባህ ነው። ከታች የሚቆመው ሰው ሰጋቱራው እንዳይገባበት ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው መጋዙን የሚስበው። እንጦጦ ደግሞ የሚጮኽ አይጠፋም፤ እንጨት ተሸካሚዎቹ ይጠራራሉ፣ አህያ ነጂው ይጮኻል፣ ሌሎቹ ሰንጣቂዎችም ውጣ፣ ግባ ይባባላሉ። በስም እንዳይጠራ እዚያ ተራራ ላይ ሌላ ኢቲቻ አለ፤ በፉጨት እንዳይጠራ ሁሉም ያፏጫል። ስለዚህ አንተና እሱ ሕግ አወጣችሁ። በዚያ ቃል ካልተጠራ በቀር ኢቲቻ መጋዙን አይለቅም፣ ዓይኑን አይገልጥም። በዚያ ሁሉ ተራራ ላይ እሱን በዚያ ቃል ሊጠራ የሚደፍር አፍ አንድ ብቻ ስለነበረ፣ ቃሉን ከሰማ የጠራው አንተ ነህ። ሕይወቱን የጣለው በዚያ ላይ ነበር።

ዲንሳን እኔ አላስተዋውቅህም። ምንጭ ውሃ ስንወርድ ልጆች ያን ቃል ሲያወርዱብን ከመካከላቸው ወጥቶ ለእኛ ድንጋይ ያነሳው እሱ ነው፤ ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ የእኛ ነው። ከእኛ ጋር በልቶ፣ ከእኛ ጋር ተኝቶ አደገ። አባባ ሲሞት መቃብር ቆፍሯል። በቃሉ ግን ይቀና ነበር። ኢፍቱ እንደነገረችኝ አንተ ከሄድክ በኋላ አንድ እሑድ ቤት ቁጭ ብለው ሲጫወቱ፣ እኔስ እንደ ነገሳ የምጠራህ መቼ ነው ብሎት ነበር። ኢቲቻም እየሳቀ «ፀሐይ ጠብሳህ እንደ እኔ ስትጠቁር» አለው። ሁሉም ሳቁ፣ ዲንሳም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አንስቶት አያውቅም። ጉድጓዱ ላይ በገመድ መጠራራት ጀመሩ፤ አንደኛውን ጫፍ ኢቲቻ እጁ ላይ ያስራል፣ ሌላውን ዲንሳ ከላይ ይይዛል፣ ሲጎትተው ኢቲቻ ይወጣል። ይህን ያህል ጊዜ በዚህ ሠሩ፣ አንድም ነገር አልደረሰባቸውም።

የዚያን ዕለት ነፋስ ነበረ። ዲንሳ ለሽማግሌዎቹ የተናገረውን ነው የምጽፍልህ። ዋዜማውን ዘንቦ ኖሮ ግንዱ የተቀመጠበት ርብራብ ረጥቧል። እኩሌታውን ሰንጥቀው ሳለ፣ ዲንሳ ከላይ ሆኖ ግንዱን የያዘው ሽብልቅ ሲንሸራተት አየ። ገመዱን ጎተተ፤ ገመዱን ቅርንጫፍ ይዞት ኖሯል፣ ከታች አልደረሰም። ኢቲቻ ብሎ ጮኸ፣ ውጣ ብሎ ጮኸ። ባሕር ዛፉ ከላይ ይጮኻል፣ መጋዙ ከታች እየተሳበ ነው። ግንዱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ያን ጊዜ ነገሳ ሲሄድ ያለኝ ትዝ አለኝ ይላል። መጋዙን ስታስረክበው ትከሻውን ይዘህ፣ የባሰ ነገር ከመጣ እንደ እኔ ጥራው ብለኸዋል ይላል። እናም ጠራው። በራሴ ድምፅ ብጠራው ማን ደፈረኝ ብሎ ግራ ይገባዋል ብዬ፣ ነገሳ እንደሚጠራው አድርጌ ጠራሁት ነው ያለው።

ኢቲቻ ሰማ። መጋዙን ለቀቀ። ወደ ጎን ቢዘል ኖሮ ይተርፍ ነበር ይላሉ ሰንጣቂዎቹ፤ ጊዜ ነበረው። እሱ ግን አልዘለለም። ጨርቁን ከፊቱ ላይ ገለጠ፣ ሰጋቱራውን ከሽፋሽፍቱ ጠረገ፣ ወደ ላይ ቀና አለ። ፊቱ በራ ይላል ዲንሳ። «ነገሳ? መጣህ?» አለ። ከዚያ ግንዱ መጣ።

እማዬ አትጻፊለት ያለችኝ ይህንን ነው። እኔም እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ ወጥቼ ነበር፤ ልብስ አስጥቼ፣ ዶሮ አባርሬ ተመለስኩ። ወንድሜ፣ ኢቲቻ ሲሞት ያየ የመሰለው አንተን ነው። ደስ ብሎት ነበር። ይህ የሚያጽናናህ ወይስ የሚያቃጥልህ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔን ሁለቱንም ያደርገኛል።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንደ ቤት አልሆነም። ግንዱ እኩሌታው እንደተሰነጠቀ፣ መጋዙም ውስጡ እንደተነከሰ እዚያው ነው፤ ማንም አይነካውም። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች መንገዳቸውን ለውጠዋል። ነፋስ ሲነሳ መጋዙ ለብቻው ያቃስታል ብላ አንዷ ነገረችኝ፤ እኔም ሥራ ፈት ብዬ ሰደብኳት። በኋላ እኔና ኢፍቱ፣ ኢቲቻ ፊቱን ይሸፍንበት የነበረውን ጨርቅ ልናመጣ ወጣን። እኛም ሰማነው። ብረት ነው፣ ነፋስ ሲመታው ይንቀጠቀጣል ብዬ ለኢፍቱ ነገርኳት፣ ለራሴም ነገርኩት። ጨርቁን ሳናነሳ ተመለስን። ቁልቁለቱን ስንወርድ አንዳችንም ዞር ብለን አላየንም።

እማዬ ደግሞ ይብስባታል። ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ሰው ከእንጦጦ ሲወርድ፣ በመታጠፊያው በኩል ድምፅ ከመጣ ቀና ትልና «አቤት» ትላለች። ማንም አልጠራትም። ቀድሞ አንተ ስትጠራ የሚመልስልህ ኢቲቻ ነበር፣ እሷ ከመካከላችሁ ገብታ አታውቅም። አንድ ቀን እጇን ይዤ፣ እማዬ፣ ማንም የለም እኮ አልኳት። እሷም፣ አውቃለሁ፣ ግን ጠርቶ መልስ ያጣ ሰው ይከፋዋል፣ አንድ ሰው ሊመልስለት ይገባል አለችኝ። ይህን ያለችው ጤነኛ ሆና ነው፣ አእምሮዋ እንደ ድሮው ነው። ቢታመም ይሻለኝ ነበር፣ ሐኪም እወስዳት ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ገብረ ክርስቶስ ሽማግሌዎቹንና ዲንሳን ይዘው መጡ። ነገሩ ያንተ መልስ እስኪመጣ ይቆይ ሊሉን ነበር። ኢፍቱ ከጓዳ አልወጣም አለች። ዲንሳ አጥሩ በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከስቷል፣ ብታየው አታውቀውም። ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ ክርክር ጀመሩ። አንደኛው ቃል ከአፍ ከወጣ ነፋስ ነው፣ ሰውየው ነፍስ ሊያድን ብሎ ያወጣው ምን ኃጢአት አለበት አሉ። ሌላው ደግሞ በዚያ ቃል የማይጠራ ሰው በዚያ ቃል አይጠራም፣ ወሰኑ ይኸው ነው አሉ። አቶ ገብረ ክርስቶስ ራሳቸውን ይዘው፣ ወንድም ሲለው ፍቅር፣ ባዕድ ሲለው ስድብ ከሆነ እንግዲህ ዲንሳ ወንድም ነው ወይስ ባዕድ ብለው ጠየቁ። እኔ ደግሞ ከእናንተ ውስጥ በዚያ ቃል ተጠርቶ የሚያውቅ አንድ እንኳን የለም፣ እንዴት ብላችሁ ትፈርዳላችሁ ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ። በትሯን ተመርኩዛ ተነሳች።

«ዲንሳ፣» አለች፣ «ሂድና መታጠፊያው ላይ ቁም። የዚያን ዕለት እንደጠራኸው አድርገህ ጥራው።»

ዲንሳ ከበሩ መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። እማማ አያስደርጉኝ፣ ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ እያለ ለመናት። ሽማግሌዎቹም ይቅር፣ ይህ አይሆንም አሉ። እሷ ግን «ለልጄ ካልከው ለእኔ ማለት አያቅትህም» አለችው። ተነስቶ ሄደ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ኢፍቱ ሕፃኗን ታቅፋ ከጓዳ ብቅ አለች። ዲንሳ የሚጠራ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ ጠራ።

ነገሳ፣ አንተ ነበርክ። የምልህን እመነኝ። መጀመሪያው ጎርነን ብሎ መጨረሻው ላይ ወደ ሳቅ የሚሰበረው ድምፅህ፣ ያው ራሱ ነው። ኢፍቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የእማዬ ፊት በራ። ዲንሳ የኢቲቻ ፊት በራ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያንኑ ፊት አየሁት። «አቤት ነገሳ፣» አለች፣ «አቤት ልጄ።» ከዚያ ቁጭ አለችና በቀብሩም በአርባውም ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

ዲንሳ ሲመለስ አጠገቧ አስቀመጠችው። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ፤ ጻፊለት ያለችኝ ይህንን ነው። «አልሰረቅኸውም፤ የሰረቀ ሰው እንዲህ አድርጎ አይዘውም። ነገሳ ነው ያዋሰህ። ነገር ግን ነገሳም ሊያውሰው አይችልም ነበር፣ የእሱ አልነበረማ። ቃሉ የእኔ ነው፤ የተገረፍኩበት እኔ ነኝ። ለልጆቼ የሰጠኋቸው እንዳያቆስላቸው ብዬ ነበር። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማንም አይለውም። ነገሳም አይለው። የእኔ ነው፣ ከእኔ ጋር ይቀበራል።» አቶ ገብረ ክርስቶስ ተነስተው ጉልበቷን ሳሙ። ዲንሳ ሲሄድ ማንም ቆይ አላለውም፣ ማንም ሂድም አላለውም።

በማግስቱ ኢፍቱ ሳትናገር ወጥታ፣ ከአጥሩ ውጭ የተከመረውን እንጨት እያቀፈች ማስገባት ጀመረች። ላግዝሽ ብላት እምቢ አለችኝ። ርጥብ ስለሆነ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ ፀሐይ ስትወጣ ግቢው ውስጥ ትዘረጋዋለች፣ ሲደምን ትሰበስበዋለች።

ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ ምንም መጻፍ የለብህም። ሰጥተኸዋል፣ አልሰጠኸውም የሚለውን እማዬ በጆሮዋ ሰምታ ጨርሳዋለች፣ ዲንሳም አገር አይለቅም። እኔ ግን እህትህ ነኝና ልንገርህ፤ በጣም ተቆጥቼሃለሁ። አሁንም አልበረደልኝም። መጋዙን ስጠው፣ ገመዱን ስጠው፣ ያን ቃል ግን ምን ቆርጦህ ሰጠኸው? እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ወንድሙን ከሞት እንዲያስጥልለት ብሎ ነው እላለሁ። ዲንሳም ሊያስጥለው ብሎ ነው ያለው። ኢቲቻም ስለወደደህ ነው ቀና ያለው። ጥፋተኛ ፈልጌ አጣሁ። አንድ ጥፋተኛ ባገኝ በእሱ ላይ ጮኼ ይወጣልኝ ነበር።

በመጀመሪያ ደብዳቤህ እዚህ አገር ሰው ሁሉ እኛን ይመስላል፣ ቃሉን ግን የሚያውቅ የለም ብለህ ጽፈህልን ነበር። አብሮህ ያለው ወታደር ስለ አገሬው ሰው ሲያወራ ቃሉን ይጀምርና አንተን ሲያይ ይውጠዋል አልከን። ያን ጊዜ ኢቲቻ ስቆ፣ ቃሉንም ኮንጎ ድረስ ወሰዱብን አለ። እኔም ስቄ ነበር። አሁን እያሰብኩት ነው። እነዚያ ሰዎች ቃሉን ስለማያውቁት ሊመልሱ አይችሉም፤ የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ። እንግዲህ በእነሱ ላይ ሲባል ብትሰማ እኔን አላለኝም ብለህ አትለፈው።

አንድ አደራ አለኝ። ፈጣሪ ፈቅዶ ስትመለስ እንደ ልማድህ መታጠፊያው ላይ ቆመህ አትጥራ፤ በዚያ ቃልም፣ በሌላም። እማዬ ትመልስልሃለች፣ ግን ማንኛችሁ እንደመጣችሁ አታውቅም፣ ሁለታችሁንም ትጠብቃለች። ዝም ብለህ ና፣ በሩን አንኳኳ፣ እማዬ በላት። መጋዙን ከግንዱ ውስጥ ማውጣት የአንተ ድርሻ ነው፤ ዲንሳ አብሬው እወጣለሁ ብሏል። እስከዚያ እኔ ሥራዬን ቀደም ብዬ አቁሜ ከእማዬ ጋር አጥሩ ሥር እቀመጣለሁ። ድምፅ ሲመጣ ብቻዋን እንዳትሆን አብሬያት አቤት እላለሁ።

እማዬ ዓይንህን፣ ግንባርህን፣ ጉንጭህን እየሳመች በጤና ይመልስህ ትላለች። ኢፍቱ ሰላም ብላሃለች፤ ሌላም ነገር ልትል ጀምራ ተወችው፣ ሲመጣ እነግረዋለሁ አለች። ሕፃኗ ወረቀቱን ልትነክስ ስትል አስጥያታለሁ፣ ጫፉ ላይ ያለው ርጥብ የእሷ ነው። አቶ ገብረ ክርስቶስ በጸሎታቸው እንደሚያስቡህ ንገሪው ብለዋል። ሙዘይንና ሚስቱ ሳፊያ ሰላም ይሉሃል፤ ሬዲዮው ስለ ኮንጎ ባወራ ቁጥር ሙዘይን እየሮጠ ይመጣል። ዲንሳም ሰላም በይልኝ ብሏል። ነገሳ ብሎ በስምህ፣ በራሱ ድምፅ።

እህትህ ሎሚ ዱጋሳ
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 4 ቀን 1954 ዓ.ም.